የሂክማ ራስና የእኔ ሚዶ

መጀመሪያ ያየሁት ከሂክማ ቀኝ ጆሮ በላይ ያለች አንዲት ክብ ቦታ ነው። የአንድ ብር ሳንቲም ታህላለች። ፀጉሩ ከሥሩ አልተነቀለም፤ ቆዳው አጠገብ ተሰብሯል፤ በጣቴ ስዳስሰው እንደ ሦስት ቀን ጺም ይኮሰኩሳል። ላዩ ላይ ነጭ ቅርፊት አለው። ልጅቷ «ያሳክከኛል እማማ» አለችኝ። «ፎረፎር ነው» አልኳት። ቅቤ ቀባኋት፣ ሹሩባዋን ሠራኋትና ወደ ጨዋታዋ ሸኘኋት።

ሂክማ የልጄ የሰሚራ ልጅ ናት። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባቷ ከባድ መኪና ወደ ጅቡቲ ይነዳል፤ ሰሚራ ቢሮ ስለምትሠራ ጠዋት ወጥታ ሲመሽ ትመለሳለች። ስለዚህ የልጅቷ ሆድም ራስም የእኔ ኃላፊነት ነው። እኔ ዘሃራ እባላለሁ። የምንኖረው የካ ሚካኤል አካባቢ፣ ዘጠኝ ቤት በአንድ በር በሚገባበት ግቢ ውስጥ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የመድኃኒቶቹን ስም የገለበጥኩት ከካርቶናቸው ላይ ነው። ይህን የምጽፈው የልጃቸውን ራስ ገልጠው እኔ ያየሁትን ዓይነት ነገር ላዩ፣ እንደ እኔም ለሚሳሳቱ እናቶችና አያቶች ነው።

የተሳሳትኩትን ለመናገር ስለ ቅዳሜ መናገር አለብኝ። ቅዳሜ ጠዋት የግቢውን ሴት ልጆች ፀጉር የምሠራው እኔ ነኝ። ሰኞ ትምህርት ቤት ፀጉሯ ያልተሠራ ልጅ ከበር ትመለሳለች፤ እናቶቻቸው ደግሞ ሥራ ላይ ናቸው። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ ይመጣል። ለኢድም ለጥምቀትም እኔው ነኝ። ማንንም አስከፍዬ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ አንዷ ልጅ ጌጥ የተለጠፈበት የሚያብረቀርቅ ማበጠሪያ ይዛ መጣች። አጠገቧ የተቀመጠችው ምንም አልያዘችም። ባለማበጠሪያዋ «በእኔ አትበጠርም፣ የራሷን ታምጣ» አለች። ያቺኛዋ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር አልወድም። እዚያው ሕግ አወጣሁ። ከቤት የመጣ ማበጠሪያ ከቦርሳ አይወጣም። ሁሉም በእኔ ሚዶ ይበጠራሉ፤ ሁሉም ከአንድ ቆርቆሮ ቅቤ ይቀባሉ። ተራው በአመጣጥ ነው፤ የልጅ ልጄም ብትሆን ትጠብቃለች። ሹሩባውም ለሁሉም እኩል ይጠብቃል፤ የአንዷ ሁለት ሳምንት ቆይቶ የሌላዋ በሦስተኛው ቀን አይፈታም።

ሚዶዬ የእንጨት ነው። ጠዋት መጀመሪያ የራሴን ፀጉር አበጥርበታለሁ። ከዚያ ልጆቹ ይቀጥላሉ። በዚህ ሕግ ሦስት ዓመት ኮራሁ። እናቶቹም «እማማ ዘሃራ ጋ አድልዎ የለም» ይሉ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት የሂክማ ክብ ሦስት ሆነ። ሌሎች ሁለት ልጆችም ማከክ ጀመሩ። ይሄኔ ፎረፎር እንዳልሆነ ገባኝ። ላሽ ነው አልኩ፤ ቆረቆርም ይሉታል። ለላሽ ደግሞ የማውቀው ነጭ ሽንኩርት ነው። ወቅጬ ለጠፍኩባት፣ በሻሽ አሰርኩላት። ሂክማ ጮኸች። «ቻይው፣ እያዳነሽ ነው» አልኳት። ሻሹን ስፈታው ቆዳዋ ተልጦ ውኃ ቋጥሯል።

ከዚያ ሰሚራ ከመድኃኒት ቤት ቅባት ገዝታ መጣች። ሐኪም አላዘዘውም፤ ሻጩን ጠይቃ ነው የገዛችው። በሦስት ቀን ማሳከኩ ጠፋ፣ መቅላቱም ቀነሰ። ደስ አለን። በሳምንቱ ክቦቹ ሰፍተው ተገናኙ። ኋላ ሆስፒታል ያየችን ሐኪም እንደነገረችን ቅባቱ ስቴሮይድ ያለበት ነበር። የቆዳውን ቁጣ ያበርዳል፤ በሽታውን ግን ይመግበዋል።

አሁን የማፍርበት ክፍል ይመጣል።

አለሚቱ የምትባል ሴት አለች። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው የምትኖረው። ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ ትወርድና በየግቢው ትሸጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ዞራ እስክትጨርስ ስምንት ዓመት የሆናትን ልጇን ብርቱካንን እኔ ጋ ታስቀምጣታለች። ብርቱካን ዝምተኛ ናት። ፀጉሯ ስስና ለስላሳ ነው። ከግንባሯ በላይና በጆሮ ግንዷ በኩል ደግሞ እየሸሸ፣ እየመነመነ ሄዶ ነበር።

በዚያ ቅዳሜ ልጆቻቸው የሚያኩባቸው እናቶች ተሰብስበው መጡ። አንዷ «ይሄ ነገር ግቢያችን ከየት ገባ?» አለች። ሁሉም እኔን አዩ። እኔ ብርቱካንን አየሁ። የሸሸ ግንባሯን አየሁ። የተቀደደ ቀሚሷን አየሁ።

«ከዚህች ነው» አልኩ። «ከላይ ይዛው ወርዳ ነው።»

ሻሿን ገፍፌ ለሁሉም አሳየሁ። «ይኸው፣ ፀጉሯ አልቋል!»

ልጅቷ አላለቀሰችም። በሁለት እጇ ግንባሯን ሸፈነች። አለሚቱ ሸክሟን አራግፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። ገባች፣ ሻሹን ከእጄ ወሰደች፣ ለልጇ አሰረችላት። እጇን ያዘቻት። ወጡ።

የሂክማ ራስ ያበጠው ከዚያ ቅዳሜ በአሥረኛው ቀን ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ተነሳች። ትኩሳት አላት። ከጆሮዋ በላይ እብጠት አለ። የእንቁላል ግማሽ ያህላል። ስነካው ልፍስፍስ ነው። ፀጉሩ በእጄ ላይ መጣ። አልጎተትኩትም። ዝም ብሎ መጣ። ፀጉሩ ከወጣበት ቀዳዳ መግል ወጣ። አንገቷ ላይ ንፍፊት ወጥቷል።

«እማማ፣ ራሴ እየሞተ ነው?» አለችኝ።

ሰሚራን ጠራኋት።

ሰሚራ ከሥራ ቀረች። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። የጤና ጣቢያው ሰው አይቶ «ይሄ መፈንዳት የለበትም፣ እንዳትነኩት» አለና ወደ ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ሪፈር ጻፈልን። እኔ እኮ መርፌ በእሳት አግዬ ላፈነዳው ነበር። ያንን አለማድረጌ ብቻ ነው በዚያ ወር ውስጥ ያደረግኩት ትክክለኛ ነገር፤ እሱም ሰሚራ እጄን ስለያዘችኝ ነው።

ሆስፒታል ሰልፉ ረጅም ነበር። አንድ ሰውዬ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ በጎን ሊገባ ሲል ተነሳሁ። «አባቴ፣ ጅራቱ ወዲያ ነው» አልኩት። ጥበቃው ሳቀና ለሰሚራ «እናትሽ ብርቱ ናቸው። ልጅቷ ታማለች፣ እናንተን ቀድሜ ላስገባችሁ» አላት። «አይሆንም፣ ከፊታችን ሕፃን የታቀፈች አለች» አልኩ። ሰሚራ እንባዋ እየወረደ «እማዬ፣ ለዛሬ እንኳ ፍትሕሽን ተይልኝ!» አለችኝ። ተራዬን ጠበቅኩ። እዚያ ቆሜ ስለ ፍትሕ ሳስብ የብርቱካን ሁለት እጆች ፊቴ ላይ መጡብኝ። ወዲያ አልኳቸው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ጓንት አድርጋ ሳትቸኩል አየች። ከቅርፊቱና ከተሰበረው ፀጉር በምላጭ ጫፍ ፋቅ አድርጋ በመስታወት ላይ አስቀመጠች፤ ለላብራቶሪ ነው። ከዚያ ነገረችን።

«ይሄ ፈንገስ ነው። ቲኒያ ካፒቲስ እንለዋለን፤ ቆረቆር ማለት ነው። እብጠቱ ደግሞ ኬሪዮን ይባላል። ሰውነቷ ፈንገሱን በጣም ሲቆጣው የሚመጣ ነው። ቁስል መስሎ ይታያል እንጂ በቢላ አይነካም።»

«ፀጉሯ ይመለሳል?» አለች ሰሚራ።

ሐኪሟ ሂክማን አየቻት፤ ከዚያ እኛን። «አብዛኛው ይመለሳል። እብጠቱ ያለበት ቦታ ግን ሥሩ ተጎድቶ ከሆነ ጠባሳ ሊቀር ይችላል። ጠባሳ ላይ ፀጉር አይበቅልም። ምን ያህል እንደሚቀር ዛሬ መናገር አልችልም።»

ሰሚራ ግድግዳውን ተደገፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ሌላ ጥያቄ አልነበረም። ይበቅላል? አይበቅልም?

ሐኪሟ ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ እማማ? ራስዎን ያሳክክዎታል?»

«ፎረፎር አለብኝ፣ ድሮም ነው።»

«ሻሽዎን ያውልቁልኝ።»

በሩ መዘጋቱን አይቼ አወለቅኩ። ፀጉሬን ገለጥ ገለጥ አደረገች። ከእኔም ፋቀች። ውጤቱ ሲመጣ የእኔም የሂክማም አንድ ዓይነት ሆነ። ዕድሜ ልኬን በቤት መድኃኒት ሰው የማክም ሴት ራሴ ላይ በሽታውን ይዤ እዞር ነበር። በትልቅ ሰው ላይ ብዙ ሳይታይ ሊቆይ ይችላል አለችኝ።

«እኔ ነኝ ያጋባኋት?» አልኩ።

«ማን ከማን እንደወሰደ ማወቅ አይቻልም። በአንድ ማበጠሪያ የሚበጠር ሌላ ልጅ አለ?»

ስለ ሚዶዬ ነገርኳት። ስለ ሕጌ ነገርኳት። እስክሪብቶ አነሳች፤ «ስማቸውን ይንገሩኝ፣ ሁሉም መታየት አለባቸው» አለች። ቆጠርኩላት። ሰባት ስም ተናገርኩ።

«በቃ? ሌላ የለም?»

«የለም።»

ሂክማ ትኩሳት ላይ ሆና ቀና አለች። «ብርቱካንስ፣ እማማ?»

ሐኪሟ ጠበቀች። እኔ ወለሉን አየሁ። «ብርቱካን» አልኩ። ጻፈችው።

ግሪሲዮፈልቪን የሚባል ክኒን ታዘዘልን፤ ለልጅቷ በክብደቷ ተለክቶ፣ ለእኔ ደሜ ተመርምሮ ጉበቴ ደህና መሆኑ ከታየ በኋላ። ለሁለታችንም ስምንት ሳምንት። ኬቶኮናዞል የሚባል ሻምፖ ደግሞ በሳምንት ሁለቴ፤ እሱ ብቻውን አያድንም፣ ወደ ሌላ ሰው እንዳይተላለፍ ይከላከላል እንጂ። ፈንገሱ ፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሚቀመጥ የሚቀባ ነገር አይደርስበትም፤ ከውስጥ በደም ነው የሚደረስበት። ክኒኑ ሰውነት ውስጥ በደንብ የሚገባው ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው። ሐኪሟ ይህን ስትነግረን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እማማ፣ ቅቤውን ከራሷ ያውርዱና ምግቧ ላይ ያድርጉላት። ቅቤው ጥፋት የለበትም። ሁሉም እጅ የሚገባበት ቆርቆሮ ነው ጥፋተኛው።»

በማግሥቱ ጠዋት ወደ አለሚቱ ወጣሁ። መንገዱ ዳገት ነው፤ ጉልበቴ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም። ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው በአጠገቤ ወረዱ። አንዷ ቤቷን አሳየችኝ።

አለሚቱ ደጃፏ ላይ ገመድ ትጠግን ነበር። አልተነሳችም።

«ለምን መጡ?»

«ጥፋቴን ይዤ ነው የመጣሁት።»

«ይሄን ዳገት ተሸክመውት ሲወጡ አልከበደዎትም?»

«ከብዶኛል።»

«እኔ በየቀኑ የምሸከመው ከዚያ ይቀላል» አለች፤ ገመዱንም ቋጠረችው።

ሁሉንም ነገርኳት። ሂክማ ምን እንደሆነች፣ የእኔ ራስ ላይ ምን እንደተገኘ፣ ልጇም መታየት እንዳለባት። ፊቷ አልተፈታም። «ልጄን ደግሞ በሰው ፊት ሻሿን ልታስወልቋት ነው? ያን ቀን ከወረደች ወዲህ ከቤት ስትወጣ ሁለት ሻሽ ነው የምትደርበው። ስትተኛም አስሪልኝ ትለኛለች።»

«ማንም አያስወልቃትም። መጀመሪያ እኔ ነኝ የማወልቀው።»

«የት?»

«እዚያው። ቅዳሜ። እነዚያው ሰዎች ባሉበት።»

ገመዱን አስቀመጠችው። «እርስዎ ሙስሊም አይደሉም እንዴ?»

«ወንዶቹን አስወጣቸዋለሁ» አልኩ። ይሄኔ ሳቀች፤ ቶሎ ብላም አቆመችው።

ቅዳሜ ወንዶቹን ከግቢው አስወጣሁ። አንዱ ጎረቤታችን «ምን ስብሰባ ነው እማማ?» ሲለኝ «የራስ ጉዳይ ነው፣ ውጣ» አልኩት። እናቶቹ መጡ። አለሚቱም ልጇን ይዛ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ወደ ውስጥ አልገባችም። ሻሼን አወለቅኩ። ሽበቴን ገለጥኩና ቅርፊቱን አሳየኋቸው። «ላብራቶሪ በሽታውን ያገኘው እዚህ ላይ ነው። እኔ ነኝ በየሳምንቱ መጀመሪያ በሚዶው የምበጠረው። ብርቱካንን በሐሰት ከስሻታለሁ። በእናንተ ፊት ከሰስኳት፣ በእናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ።» ጎንበስ ብዬ የልጅቷን እጅ ያዝኩ። ልጅቷ ምን እንደምታደርግ ግራ ገባት። እናቷን አየች። እናቷ ምንም ምልክት አልሰጠቻትም። ከዚያ ቀስ ብላ «ይማርዎት» አለችኝ፤ ታማሚ እንደሆንኩ አስባ ነው። ከእናቶቹ አንዷ ወደ ግድግዳው ዞራ አለቀሰች። ሌላዋ ግን ተቆጣች፤ «ሦስት ዓመት ሙሉ ልጄን በዚያ ሚዶ!» አለችኝ። ትክክል ናት።

ስምንቱም ልጆች ሄደው ታዩ። ከሂክማ ሌላ በሽታው የተገኘው በሁለቱ ላይ ነው፤ ቶሎ ስለተጀመረላቸው አላበጠባቸውም፣ ፀጉራቸውም ሙሉ በሙሉ ተመልሷል። ብርቱካን ላይ ምንም ፈንገስ አልተገኘም። ሐኪሟ የሸሸ ግንባሯን በጣቷ እየዳሰሰች «ማን ነው ፀጉሯን የሚሠራት?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ይሄ ተላላፊ አይደለም እማማ። ሹሩባው በጣም ስለሚጠብቅ ሥሩ እየተጎተተ የወጣ ነው። ትራክሽን አሎፒሺያ ይባላል። አሁን ላላ ከተደረገ ይመለሳል። ብዙ ዓመት ከቆየ ግን አይመለስም።»

አለሚቱ አጠገቤ ነበረች። ወደ እኔ አልዞረችም። እኔም ወደ እሷ መዞር አልቻልኩም። የሁሉንም እኩል ጎትቻለሁ፤ የብርቱካን ፀጉር ግን ከሌሎቹ እኩል አልነበረም። ያን ስስ ፀጉር ያመናመነው የእኔ እጅ ነው፤ ያንኑ አሳይቼ ነው የከሰስኳት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ቀስ ብሎ የሚሄድ ጊዜ ነበር፤ መዳን እንደ መታመም አይቸኩልም። ከምሳ በኋላ እኔና ሂክማ ፊት ለፊት እንቀመጥና ክኒናችንን ከወተት ጋር እንውጣለን፤ ወተት በሌለ ቀን ደግሞ ከአቮካዶ ወይም ቅቤ ከነካው ፍርፍር ጋር። እሷ መጀመሪያ ትውጥና «አሁን አንቺ፣ ምላስሽን አሳዪኝ» ትለኛለች፤ አሳያታለሁ፤ ጎንበስ ብላ ከምላሴ ሥርም ታያለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የምታምነኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ሻምፖውን አረፋ አድርገን ሐኪሟ እንዳለችው አምስት ደቂቃ ሳንታጠበው እንቆያለን፤ ሂክማም በዚያ ጊዜ ውስጥ በትምህርት ቤት የሆነውን ሁሉ ትነግረኛለች፤ ሕክምናውን ከጀመረች ትምህርት መቅረት አያስፈልጋትም ስለተባለ ሻሿን አስራ ትሄድ ነበር።

እብጠቱ በሦስተኛው ሳምንት መጉደል ጀመረ፤ መግሉ ደረቀ፣ ቅርፊቱም በሞቀ ውኃ እየራሰ ያለ ሕመም ለቀቀ። በአምስተኛው ሳምንት ማሳከኩ ጨርሶ ጠፋ። ሰሚራ «ድናለች እኮ፣ ክኒኑ ሆዷን እያመማት ነው፣ ለምን አናቆምም?» ብላኝ ነበር፤ እኔም ልቤ ሊሸነፍ ምንም አልቀረውም። ግን ሐኪሟ «ላብራቶሪው ነጻ ናት ሲል ነው የምታቆሙት፣ ዓይናችሁ ሲል አይደለም» ብላን ስለነበር ክኒኑን ከምግብ መሐል አድርገን ቀጠልን። የትራስ ልብሱን፣ ሻሾቹን፣ የእኔንም የመስገጃ ሻርፕ በፈላ ውኃ አጥበን ፀሐይ ላይ አሰጣን። ሚዶውን አቃጠልኩት። እናቶቹ ለየልጆቻቸው ማበጠሪያ አመጡ፤ ጌጥ ያለውም የሌለውም አለ፤ እኔም በዚህ ጉዳይ ላይ አፌን ዘግቻለሁ። አለሚቱ ሁለት ወር ሙሉ በበራችን አላለፈችም። በሦስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ብርቱካንን ይዛ መጣችና «ላላ አድርገው ይሥሩላት፣ አለዚያ እኔው እፈታዋለሁ» አለችኝ።

በስምንተኛው ሳምንት የላብራቶሪው ውጤት የሁለታችንም ነጻ ሆነ። ፀጉሯ ዙሪያውን እንደ አዲስ ሣር መጣ፤ መጀመሪያ ለስላሳ፣ ከዚያ ጠንከር ያለ። በየጠዋቱ መስኮት አጠገብ አስቀምጣት ነበር። መሐሉ ላይ ግን አንዲት የሚያብረቀርቅ ቦታ ቀረች። ወር ጠበቅን። ሦስት ወር ጠበቅን። የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታህል ሆና ቆመች።

ሐኪሟ በማጉያ መስታወት አየቻት። «የፀጉሩ ቀዳዳ የለም። ይሄ ጠባሳ ነው።»

ሂክማ «እስከ መቼ?» አለች።

ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ በቁመቷ ልክ ሆነችላት። «ለሁልጊዜ ነው የኔ ቆንጆ። በሽታው ግን ሄዷል።»

ሂክማ አላለቀሰችም። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ ሆና በጣቷ ቦታዋን እየፈለገች ትነካት ነበር። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብርቱካን መጣች። የግንባሯ ፀጉር አጭር አጭር ሆኖ ወጥቷል። ሂክማ ሻሿን ራሷ ፈታችና ጠጋ አለቻት። «የእኔ አይበቅልም» አለቻት፤ እንዲሁ፣ እንደ ተራ ነገር። ብርቱካን ጎንበስ ብላ ቦታዋን አየች። ከዚያ ከሂክማ ቦርሳ የሂክማን ማበጠሪያ አወጣች፣ የሂክማን የፀጉር መስመር ከቀኝ ወደ ግራ አዞረችው፣ የላይኛውን ፀጉር በጠባሳዋ ላይ አስተኛችው።

«አሁን ትታያለች?» አለች ሂክማ።

«ነፋስ ከነፈሰ ትታያለች።»

«ይሁን» አለች ሂክማ።

እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም።

አላህን አመሰግናለሁ። ራሳችንን በትዕግሥት ላየችልን ሐኪም፣ «እንዳትነኩት» ላለን የጤና ጣቢያ ሰው፣ እጄን ለያዘችኝ ልጄ፣ ያቺን ልጅ ይዛ ተመልሳ ለመጣችው አለሚቱም ምስጋናዬ ብዙ ነው።

ይህን የምታነቡ፣ በልጅ ራስ ላይ ቅርፊትና የተሰበረ ፀጉር ካያችሁ ፎረፎር ነው ብላችሁ አትለፉት፤ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ነጭ ሽንኩርቱንም፣ ሐኪም ያላዘዘውን ቅባትም ተዉት። ካበጠ አታፈንዱት። ዱዓ አድርጉ፣ ፀበልም ውሰዱ፤ ሁለቱም ክኒን አይከለክሉም። መድኃኒቱን ላብራቶሪ እስኪለቃችሁ ድረስ አታቋርጡ። ማበጠሪያ፣ ሻሽ፣ የፀጉር ማስያዣ፣ የፀጉር ቤት ማሽንም ሳይጸዳ ከራስ ራስ አይዙር። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ግንባሯ ከተወጠረ ወይም ሥሩ ላይ ብጉር ካወጣች ያንኑ ቀን ፍቱላት፤ ሁለት ሳምንት ባይቆይ ምንም አይደለም። ቆረቆር በአንድ ልጅ ላይ ከተገኘ አብረዋት የሚጫወቱትን ሁሉ አብራችሁ አሳዩ፤ በቤት ያላችሁ ትልልቆችም ራሳችሁን አሳዩ።

ማን አመጣው ብላችሁ ግን አትፈልጉ። እኔ ፈልጌ አገኘሁ ብዬ አሥር ቀን ስቀመጥ የሂክማ ራስ እያበጠ ነበር። በእነዚያ አሥር ቀናት ሐኪም ቤት ሄደን ቢሆን ኖሮ ያቺ ቦታ ዛሬ ፀጉር ይኖራት ነበር።